ልብ ወለድ ሁሉ እኩል አይከብድም

እንደሚታወቀው ባለፈው ክረምት የሥነ ጽሑፍ ክበባችን አባላት ወደየቤታችን ከመበተናችን በፊት አንድ ቃል ተግባብተን ነበር። ቃሉም እያንዳንዳችን በዕረፍቱ ጊዜ አንዳንድ ልብ ወለድ ጽፈን እንድንመለስ የሚል ነው። ስድስት ነበርን። ስንመለስ ጽፋ የጨረሰችው አንዲት እህታችን ብቻ ሆና ተገኘች። ሦስታችን ከሃያኛው ገጽ አላለፍንም። አንዱ ጭራሽ አልጀመረም። ስድስተኛው ጓደኛችን ግን ሦስት ደብተር ሙሉ ጽፎ መጥቷል፤ ሆኖም ታሪኩ ገና እመንገዱ አጋማሽ እንኳ አልደረሰም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ተሰብስበን ሁለቱንም ጽሑፎች ጮክ ብለን አነበብን። የእህታችን ታሪክ እናቷ ስለሚሠሩበት ወፍጮ ቤት ነው። ሰማንያ የደብተር ገጽ ይሆናል፤ የጻፈችው በሦስት ሳምንት ነው። አጨበጨብንላት። የጓደኛችን ታሪክ ደግሞ ስለ አድዋ ዘመቻ ነው። ንባቡ ጥቂት እንደሄደ አንድ ዘማች ገበሬ ሌሊት እሳት ዳር ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ሰማን። ከመካከላችን አንዱ «እንዴ! በ1888 ዓ.ም. ይኼ ባላገር ሻይ ከየት አመጣ?» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሌላው ቀበል አድርጎ «እሷ በሦስት ሳምንት የጨረሰችውን አንተ በሁለት ወር ሙሉ እንዴት አቃተህ?» አለው። እሱም ምንም አልመለሰም፤ ደብተሮቹን ሰብስቦ ወጣ።

በማግሥቱ ሦስቱም ደብተሮች እወጥ ቤቱ ምድጃ ውስጥ ገቡ። ስንጠይቀው «እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም፣ በቃ» አለን። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን ጨመረና «ተመድቤ በምሄድበት ትምህርት ቤትም ድርሰት የሚባል ነገር አላስተምርም፤ የማይችል ሰው ምን ብሎ ያስተምራል?» አለ። እኛን ያስደነገጠን ይህ የመጨረሻው ንግግሩ ነው። የአንድ ቀን ሳቃችን ለአርባና ለሃምሳ ሕፃናት ሊተርፍ ነው ማለት ነው። ስለሆነም ይህን ጽሑፍ በዚህ ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው ለማስተማር ብቻ ሳይሆን ጥፋታችንንም ለማረም ጭምር ነው።

ጥፋታችን ምን ነበር? ሁለት የማይመሳሰሉ ሥራዎችን በአንድ ሚዛን መመዘናችን ነው። ቶሎ የጨረሰ ተሰጥኦ አለው፣ የዘገየ ግን የለውም ብለን ፈረድን። በበኩላችን አሁን የደረስንበት አስተያየት ሌላ ነው። ይኸውም አንዳንዱ ልብ ወለድ ከሌላው ይቀላል፤ ቅለቱና ክብደቱም የሚመጣው ከጸሐፊው ጭንቅላት ብቻ ሳይሆን ጸሐፊው ከመረጠው ታሪክና ከመረጠው አተራረክ ነው የሚል ነው።

ለዚህ አባባላችን አንድ ምስክር ከሩቅ አገር እንጥራ። የሩሲያው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ በ1866 (እ.ኤ.አ.) በዕዳ ተይዞ ነበር። ከአንድ አሳታሚ ጋር በገባው ውል መሠረት እስከ ኖቬምበር 1 ቀን ድረስ አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ፣ አሳታሚው የደራሲውን ሥራዎች ለዘጠኝ ዓመት ያለ አንዳች ክፍያ የማሳተም መብት ያገኛል። ኦክቶበር ሲገባ መጽሐፉ ገና አልተጀመረም። ምን ያድርግ? አና የምትባል አጭር ጽሕፈት የተማረች ወጣት ቀጥሮ እሱ እየተናገረ እሷ እየጻፈች «ቁማርተኛው» የተባለውን ልብ ወለድ በ26 ቀን ጨረሰ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ባይገባም፣ በሚቀጥለው ዓመት ተጋብተዋል።)

ይህን ብቻ የሰማ ሰው «አይ፣ ተሰጥኦ ነዋ!» ሊል ይችላል። ታዲያ እዚያው ሰውዬ እጅ ላይ በዚያው ዘመን ሌላ መጽሐፍ ነበር፤ «ወንጀልና ቅጣት»። ይህኛውን በ1865 መጨረሻ ላይ ብዙ ከገፋበት በኋላ የጻፈውን ሁሉ አቃጥሎ እንደገና ከሀ ጀምሯል። ይህንንም ለአንድ ወዳጁ በላከው ደብዳቤ ራሱ ገልጾታል። ልብ በሉ፤ እሱም አቃጥሏል! ሰውዬው አንድ፣ ዘመኑ አንድ፣ ችግሩና ዕዳው አንድ። መጻሕፍቱ ግን አንዱ በ26 ቀን አለቀ፣ ሌላው እሳት አስነሳ። እንግዲህ ልዩነቱ ከሰውዬው ሊሆን አይችልም፤ ከመጻሕፍቱ ነው።

ልዩነቱ ምን ላይ ነው? እኛ እንደገባን ሦስት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው ምክንያት ጸሐፊው የሚጽፈውን ነገር አስቀድሞ በአካሉ ያውቀዋል ወይስ በየዓረፍተ ነገሩ እየጠየቀ ሊያውቀው ነው የሚለው ነው። ዶስቶየቭስኪ የቁማር ጠረጴዛን በወሬ አላወቀውም። ጀርመን አገር ሄዶ ገንዘቡን ያስበላ ሰው ነው። እጁ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሰው የመጨረሻ ሳንቲሙን ሲያስቀምጥ ምን ብሎ ራሱን እንደሚያታልል ያውቃል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው ነው። ወፍጮ ቤቱም እንዲሁ ነው። እህታችን ዱቄቱ ቅንድብ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ቀበቶው ሲበጠስ ምን እንደሚጮህ፣ በወረፋ ማን ከማን እንደሚጣላ፣ የማን እህል በዱቤ እንደሚፈጭ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ብዕሯን ስታነሳ ነገሩ ራሱ ይመጣል።

የጓደኛችን ዘማች ግን በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ ሊዋጋ ነው። አምስት ወር የሚጠጋ ጉዞ ነው። ምን ስንቅ ያዘ? በሶ ነው ጭኮ? ማን ጋገረለት? በቅሎው ስታነክስ ምን አደረገ? ጠመንጃውን እንዴት ያጎርሳል? ማታ ሲተኛ ምን ለበሰ? ለአንድ ገጽ አሥር ጥያቄ አለ። አንዱን ሳይጠይቅ ካለፈ ደግሞ ሻይ ያስጠጣዋል፣ እኛም እንስቃለን። እንግዲህ እሷ ሰማንያ ገጽ ስትጽፍ እሱ ሦስት ደብተር መሙላቱ ራሱ የሚያስመሰግነው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ታዲያ ፍቅር እስከ መቃብርስ? ያን የሚያህል መጽሐፍ ቀላል ነበር ልትሉን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ቀላል ነበር አንልም። ግን እስቲ እንመልከተው። አቶ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወለዱ፤ በልጅነታቸው በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት አለፉ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በዛብህ ከማንኩሳ ተነስቶ የቆሎ ተማሪ ሲሆን፣ ቅኔ ሲዘርፍ፣ በመጨረሻም ለፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ለሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ ሲገባ፣ ያን አገርና ያን ወግ ደራሲው ያወቁት ለመጽሐፍ ብለው አይደለም፤ ኖረውበት ነው። ከልደታቸው እስከ መጽሐፉ መታተም ሃምሳ ስድስት ዓመት አለ። ስለዚህ ቅለት ስንል ያለ ዋጋ የተገኘ ማለታችን አይደለም። ዋጋው አስቀድሞ፣ ብዕር ከመነሳቱ በፊት፣ በኑሮ ተከፍሏል ማለታችን ነው። ከባድ የሚባለው ልብ ወለድ ግን ዋጋውን የሚያስከፍለው እየተጻፈ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ተራኪው ነው። ታሪኩን የሚነግረን ማነው? ከየት ሆኖ ነው የሚያየው? «ቁማርተኛው»ን የሚተርከው «እኔ» የሚል አንድ ወጣት ነው፤ ሥራውም የአንድ ጄኔራል ልጆች አስተማሪ ነው (የእኛው ባልደረባ ማለት ነው)። ያየውን ይናገራል፣ ያላየውን ይተዋል። «ወንጀልና ቅጣት»ም መጀመሪያ ሲጻፍ ነፍሰ ገዳዩ ራሱ «እኔ» እያለ እንዲናገር ታስቦ ነበር። ነገር ግን ታሪኩ ከአንድ ሰው አፍ በላይ ሆነ። ደራሲው እንደገና ሲጀምር ገዳዩን «እሱ» ብሎ ከውጭ ሆኖ ተረከው፤ ያን ጊዜ መንገዱ ተከፈተለት። እንግዲህ ያ ሁሉ ወረቀት የተቃጠለው ደራሲው ችሎታ ስላነሰው ሳይሆን ትክክለኛውን ተራኪ እስኪያገኝ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ በ1962 ዓ.ም. የታተሙ ሁለት መጻሕፍት አሉ፤ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» እና የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»። በዓሉ ጋዜጠኛ ነበር፤ የጻፈውም በዘመኑ ስለነበሩ የአዲስ አበባ የተማሩ ሰዎች ነው። ቋንቋው ከከተሜው አፍ የማይርቅ፣ አንባቢን ይዞ የሚሮጥ ነው። ዳኛቸው ግን በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ አንደበት ሰበሰበ። ባላገሩ በባላገርኛ፣ ወይዘሮዋ በወይዘሮኛ፣ የተማረው በተማረው አነጋገር ይከራከራሉ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ዘዬና የራሱን አስተሳሰብ መስጠት፣ አንዱም በሌላው አፍ እንዳይናገር መጠበቅ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ምዕራፍ ማንበብ ይበቃል። አንዳንዶቻችን «አደፍርስ»ን ጀምረን «ከበደኝ» ብለን ትተነዋል። ለማንበብ የከበደን ለመጻፍ ምን ሊሆን ነው? ሆኖም ሁለቱም መጻሕፍት ዛሬም ይነበባሉ። ቀላል አነበብን ብለን አንዱን፣ ከበደን ብለን ሌላውን ልናጣጥል አይገባም።

የወፍጮ ቤቱ ታሪክ ተራኪ ጆንያ ላይ የተቀመጠች አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ወንበሯ አንድ ነው፤ ከዚያ ሆና የምታየውን ብቻ ትነግረናለች። ጓደኛችን ግን በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ዘማቹን ሆኖ ይጀምርና ቀጥሎ እንደራሴውን፣ ከዚያ አዝማሪውን፣ ከዚያም የጣሊያኑን ጄኔራል ሊሆን ይሞክራል። አራት ወንበር ላይ በአንድ ጊዜ መቀመጥ የሚችል ማነው?

ሦስተኛው ምክንያት የታሪኩ መንገድና ስፋት ነው። አንዳንድ ታሪክ ገና ሲወለድ መንገዱን ይዞ ይወለዳል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ አሁን «ጦቢያ» በሚል ስም የምናውቀው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። ደራሲው ያን ጊዜ ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ ያስተምር ነበር። በአማርኛ ከፊቱ አይቶ የሚከተለው ልብ ወለድ አልነበረም፤ በዚህ በኩል ሥራው ከባድ ነው። ግን ምን ዓይነት ታሪክ መረጠ? አባት በጦርነት ተማረከ፤ ልጆች ተንከራተቱ፤ ሴቲቱ ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ ሄደች፤ መፈለግና መገናኘት ሆነ። ይህ እንደ ተረት የሚሄድ መንገድ ነው። የጠፋ ሰው ካለ ፈላጊ አለ፤ ፈላጊ ካለ ነገ የሚደርስበት ቦታ አለ። ደራሲው «ከዚህ ቀጥሎ ምን ይምጣ?» ብሎ ብዙ አይጨነቅም። የአንድ መንደር የሃያ ዓመት ኑሮ ልጻፍ ላለ ሰው ግን እንዲህ ያለ የተነጠፈ መንገድ የለም፤ የትኛውን ቀን ይዞ የትኛውን እንደሚጥል እሱ ራሱ መወሰን አለበት።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ እኛ ክበብተኞቹ ለጓደኛችን ልንነግረው ይገባን የነበረው ነገር። የአድዋ ታሪክ እኮ መንገድ አለው! ከጥቅምት እስከ የካቲት የሚዘልቅ እውነተኛ የእግር መንገድ። አንድ ዘማች ወይም አንዲት ስንቅ ተሸካሚ ሴት ይዘን፣ ከቤቷ ደጃፍ ጀምረን በእሷ ዓይን ብቻ እያየን ብንሄድ፣ መንገዱ ራሱ ታሪኩን ይሸከመዋል። እንደራሴውም ጄኔራሉም ከሩቅ ይታያሉ። ታሪኩ አሁንም ከባድ ነው፤ ግን የሚቻል ከባድ ይሆናል። ይህን ማለት ሲገባን ሳቅን።

አሁን ደግሞ በዚህ አስተያየታችን ላይ ሊነሳ የሚችለውን ተቃውሞ እንመልከት። አንድ መምህራችን ይህን ጽሑፍ ከመለጠፉ በፊት አይተውልን «ልጆች፣ ታዲያ እንደእናንተ ከሆነ ሁሉም ሰው ስለ ሰፈሩ ብቻ ይጻፍ ማለት ነው?» ብለው ጠይቀውናል። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ የሚለው ተረት እውነትነት አለው። ነገር ግን እንደዚያ ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ሁለት ምክንያት አለን።

አንደኛ፣ ቅርብ የሆነው ነገር ለእውቀት ይቀላል እንጂ ለልብ ሁልጊዜ አይቀልም። እህታችን በኋላ ብቻችንን ስንሆን አንድ ነገር ነገረችን። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት እናቷን በሰው ፊት ያዋረደበት ቀን አለ። ያን ቀን አልጻፈችውም። ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስቴም ቀደደችው። «እማዬ ብታነበውስ?» አለችን። ስለዚህ በሦስት ሳምንት ከተጻፈው ታሪክ ውስጥ አንዲት ገጽ ገና አልተጻፈችም፤ ምናልባትም ከሁሉ የምትበልጠው ገጽ እሷ ናት። ቀላል ያልነው ልብ ወለድም የራሱ አቀበት አለው። ከዚህም የባሰ አለ። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን የጻፈው ኤርትራ ውስጥ ስለተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው፤ ዘመቻውንም በዓይኑ ያየ ሰው ነበር። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጣና ታገደ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ዓ.ም. ደግሞ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የሚያውቁትን መጻፍ ዋጋ አያስከፍልም ያለ ማነው?

ሁለተኛ፣ ሩቁም ነገር መጻፍ አለበት። እኛ ያላየነውን ዘመን ማንም ካልጻፈው ሊጠፋ ነው። ልዩነቱ ሩቁን የሚጽፍ ሰው ጊዜ፣ መጽሐፍና የሚጠይቃቸው ሽማግሎች የሚያስፈልጉት መሆኑ ነው። በክረምት ሁለት ወር ካልጨረሰ ሰነፍ አይባልም። የጻፉትን ደግሞ መጻፍም ነውር የለበትም። በዓሉ ራሱ በ1966 ዓ.ም. «የኅሊና ደወል» ብሎ ያወጣውን የአንድ አስተማሪ ታሪክ እንደገና ሠርቶና አስፍቶ በ1975 ዓ.ም. «ሐዲስ» ብሎ አሳትሞታል። ታሪኩ የሚፈጸመው በተወለደበት በኢሉባቦር ነው። የሚያውቀውን አገር እንኳ ሁለት ጊዜ ጻፈው።

ውድ አንባቢያን! ይህን ሁሉ የምንለው ሁላችንም ደራሲ እንሁን ብለን አይደለም። ነገ ግን ሁላችንም ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን «ድርሰት ጻፉ» ማለታችን አይቀርም። ያን ጊዜ ምን ርዕስ ነው የምንሰጠው? አንዳንዶቻችን ተማሪ ሳለን ባሕር አይተን ሳናውቅ «በባሕር ዳርቻ የዋልኩበት ቀን» የሚል ርዕስ ተሰጥቶናል። ምን እንጻፍ? ከሌላ ሰው ደብተር ገለበጥን፤ ከአሥር ሦስት አገኘን። ቀይ እስክሪብቶው የነገረን ግን ርዕሱ ከበዳችሁ ብሎ አይደለም፤ እናንተ አትችሉም ብሎ ነው። እኛም አመንነው። ስንቱ ልጅ «አልተፈጠርኩበትም» የሚለውን ቃል የተማረው እንዲህ ባለ ቀን ይሆን?

በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለተማሪ መጀመሪያ በእግሩ የሚያውቀውን እንስጠው፤ ወንዙን፣ የገበያውን ቀን፣ ጥጃ የጠፋበትን ማታ። ቀጥሎ «ከየት ሆነህ ነው ያየኸው? ማን ሆነህ ነው የምትነግረን?» ብለን እንጠይቀው። ይህን ሲችል ደግሞ ወደ ሩቁ እንውሰደው፤ «አያትህን ሂድና ጠይቅ፣ በእሳቸው ልጅነት ይህ መንደር ምን ይመስል ነበር?» እንበለው። ሩቁን ሲሞክር ሻይ ቢያስጠጣ አንሳቅበት፤ ምን ይጠጡ እንደነበር አብረን እንፈልግለት። ማርክ ስንሰጥም የርዕሱን ክብደት እንመዝን። አቀበት የወጣና ሜዳ የሮጠ በአንድ ሰዓት አይለኩም።

ጓደኛችንን በክበባችን ፊት ይቅርታ ጠይቀነዋል። «እሺ» ብሏል፤ ሌላ ነገር አልተናገረም። እንደገና እጽፋለሁ ብሎም ቃል አልገባልንም፤ እኛም አላስገደድነውም። ነገር ግን ባለፈው እሑድ ከቤተ መጻሕፍት ስንመለስ በር ላይ ከዘበኛችን ከአባባ ጋር ተቀምጦ አየነው። አባባ አያታቸው ያወረሷቸውን የውጅግራ ወሬ በእጃቸው እያሳዩ ያጫውቱታል። እሱም ጉልበቱ ላይ አንድ ደብተር ዘርግቷል።

ደብተሩ አዲስ ነበር። እኛም ሰላምታ ሰጥተን ዝም ብለን አለፍን።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አስተያየታችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ ለክበቡ ስጡን፤ በሚቀጥለው እትም እዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

ከሥነ ጽሑፍ ክበብ አባላት